ግድግዳው ሲንኳኳ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ቁጭ ብዬ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ጌታ ለእናቴና ለእኔ ያደረገውን ልናገር ተነሥቻለሁ። መልአክ አላየሁም፣ ራእይም አላየሁም። እንደዚያ የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ይወቀው።

ጌታን የተቀበልኩት አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ነው። ናይሮቢ ከመጣን በኋላ ግን ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፤ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ አውጣን!» መቼም ታውቁታላችሁ፣ ወደ ካናዳ የመሄጃ ፕሮሰስ የጀመረ ሰው እዚህ እያለ እዚህ አይኖርም። እኛም አልጋ አልገዛንም፣ ስዋሂሊ በቅጡ አልተማርንም። እማዬ ድስቶቿን ከካርቶን አላወጣችም። «ነገ ለምንሄደው ምን ያደክመኛል?» ትላለች። የምንኖረው ኢምባካሲ ነው፤ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ «የእኛስ መቼ ነው?» እላለሁ። እግዚአብሔር ካናዳ ሆኖ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ የቤት ኅብረት አለን። መሪያችን ጋሽ ታምራት እያንዳንዳችንን «በዚህ ሳምንት ጌታ ምን አደረገልሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ «ምንም። ፕሮሰሱ እንዳለ ነው» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን ሳይስቁ «ጽጌ፣ እስቲ ደኅና አድርገሽ እዪ» ይሉኛል። ምኑን ነው የማየው? እላለሁ በሆዴ።

አሁን ስለ ግድግዳችን ልንገራችሁ። ከጎረቤታችን ከማማ ዋንጂሩ ክፍል የሚለየን ስስ ጣውላ ነው። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እማዬ ስዋሂሊ አታውቅ። ታዲያ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ ጣውላውን በማንኪያ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ እማዬም በማንኪያ ትመልስላታለች። ሰላምታቸው ይኸው ነው። እኔ ኪሊማኒ ካለ የአበሻ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ፤ ከሰዓት ሥራ በምገባበት ቀን ይሄ ኳኳታ እንቅልፍ አይሰጠኝም።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ? ሁለት ትልልቅ ሴቶች!»

«አንቺ ምን አገባሽ! እየተጫወትን ነው።»

እማዬ አስም አለባት። አንድ ቀን ደኅና ነች ብዬ በማለዳ ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት ስመለስ በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እማዬ የለችም። አንዷ ጎረቤት «ሆስፒታል!» አለችኝ። በተሳፈርኩበት ሚኒባስ፣ ማታቱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ «ጌታዬ፣ አትውሰዳት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። ካናዳ ትዝም አላለኝ።

ስደርስ እማዬ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኝታለች። ማማ ዋንጂሩ የወጥ ቤት ሽርጧን ሳትፈታ አጠገቧ ቆማለች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ልንደርስላት አንችልም ነበር» አለኝ። ክብር ለስሙ ይሁን!

በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ማማ ዋንጂሩን «እንዴት አወቅሽ? ጮኸች እንዴ?» አልኳት። ለመጮህስ ትንፋሹ የት አላት!

«ሀኩጂቡ» አለችኝ። አልመለሰችም ማለቷ ነው። ኳ ኳ አደረገች፤ መልስ የለም። ደገመች፤ አሁንም የለም። በሩን ገፍታ ስትገባ እማዬ መሬት ላይ ወድቃለች። ሮጣ ማታቱ አስቆመች፤ ከረዳቱ ጋር ተሸክመው አሳፈሯት።

ወገኖቼ፣ እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ጋሽ ታምራት «እዪ» ያሉኝ የገባኝ። ጌታ ጠዋት ጠዋት እናቴን በሰው እጅ ይጠይቃት ነበር፤ እኔ ጫጫታ ነው እላለሁ። ሃሌሉያ!

ፕሮሰሱ ዛሬም አላለቀም። አስሙም አልጠፋም፤ ይኸው እማዬ እዚያ ጋ ፓምፗን በቦርሳዋ ይዛ ተቀምጣለች። ድስቶቹ ግን ከካርቶን ወጥተዋል። የመጀመሪያው ዶሮ ወጥ የሄደው ለማማ ዋንጂሩ ነው። ቀምሳ «ካሊ ሳና!» እያለች በአፏ አየር ስትስብ እማዬ ከልቧ ሳቀች። በሚያቃጥል ወጥ ነው ያመሰገንናት፣ ምን ይደረግ! ረቡዕ ተራዬ ሲደርስም ጋሽ ታምራት «ጽጌ፣ ለሌላውም ሰው ጊዜ ተዪ» እስኪሉኝ ድረስ አወራሁ።

እናንተም እንደኔ መውጫውን የምትጠብቁ፣ ጌታን ከሻንጣው ጋር ለመንገድ አታስቀምጡት። አሁን ባላችሁበት ቤት ታመኑት፤ እዚያው ነው ያለው።

ዛሬ ጠዋት ግድግዳው ሲንኳኳ እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ማንኪያውን አንሥቼ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስሙ ይመስገን!