የሱሉልታው ጀልባ መሪ

ቡራዩ ውስጥ ኬብል የተበጠሰበት ባጃጅ ወይም የፍሬን ሽቦው የላላበት ሞተር ብስክሌት ካለ መድረሻው የኩምሳ ቆርቆሮ ቤት ነው። ኩምሳ ራሱን መካኒክ ብሎ አይጠራም፤ ስሙ ያንሰዋል። "የኬብል ባለሙያ" ነው የሚለው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ደንበኛ ሁሉ ወደደም ጠላም የሚሰማው አንድ ትምህርትም አለው። ኬብል ሲለካ የሚለካው ሽፋኑ ነው እንጂ ከውስጥ የሚመላለሰው ሽቦ አይደለም፤ ሽቦውን የለካ ሰው ተሳስቷል፣ የተሳሳተም ዞሮ ዞሮ ኩምሳ ዘንድ ይመጣል። ይህን ሲያስተምር እጁ ላይ ያለው ሥራ ይቆማል፣ ደንበኛውም ሰዓቱን ያያል።

ዓመቱ 2008፣ ወሩ ኅዳር ነው። አገሩ በማስተር ፕላኑ ምክንያት እየታመሰ፣ መንገዱ በድንጋይ ሲዘጋና ሲከፈት ይውላል። አዲስ አበባ እየሰፋች መጥታ ልትውጠን ነው የማይል ሰው አልነበረም። በዚህ መሃል ከሱሉልታ ወዲያ፣ በጫንጮ መንገድ ላይ ሰፊ ሜዳ ያጠረ አንድ ባለሀብት ለኩምሳ ደወለ። ጀልባ አለኝ፣ የመሪው ኬብል ጠፍቷል፣ መጥተህ ልኩን ንገረኝና ከውጭ አስመጣለሁ አለው።

ኩምሳ ጀልባ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ እምቢ ለማለት ግን ይህ በቂ ምክንያት ሆኖ አልታየውም። ደግሞስ ሜዳው ያለው ዱርሲቱ ሰፈር አይደለም? ዱርሲቱ ቡራዩ እህቷ ዘንድ ስትመላለስ የተዋወቃት፣ ላግባት ብሎ ልቡን የጣለባት ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ደቻሳ ገና አላዩትም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰፈሩ በሥራው ላይ ቢያየው፣ ወሬው አባትየው ጆሮ ቢደርስ፣ ነገሩ ግማሽ መንገድ እንደሚሄድለት አሰበና ቱታውን አስተኮሰ። ቱታ የሚያስተኩስ ሰው ቡራዩ ውስጥ ከእሱ በቀር አልታየም።

የቸገረው ሜትሩ ነበር። በዚያ ሰሞን ሜትር ዘርግቶ የታየ ሰው ሁሉ መሬት ቀያሽ ነው፤ አናጺ እንኳ በር የሚለካው ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ኩምሳ በገዛ ብልሃቱ እየተደነቀ ሜትሩን ሱቁ ውስጥ ትቶ ገመድ ይዞ ሄደ። ገመድ ደግሞ ማንን ያስቆጣል ብሎ።

ጀልባው ሜዳው መሃል በግንድ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ዙሪያው ሣር ነው። ዘበኛው ኤልቃና ከወላይታ የመጣ ጭምት ሰው ነው፤ ኬብሉን የድርቆሽ ነጋዴዎች ጭነት ሊያስሩበት ሳይወስዱት አይቀሩም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። አሮጌው ኬብል ቢኖር ኩምሳ ሽፋኑን ለክቶ ይገላገል ነበር። ስለሌለ ገመዱን ኬብሉ በሚሄድበት መንገድ ማስኬድ ግድ ሆነበት። አንዱን ጫፍ መሪው ሥር አሰረ፤ ወደ ጎን አውጥቶ የጀልባውን ግድግዳ እያስታከከ ወደ ኋላ ወሰደው፤ ከዚያ አዙሮ ሞተሩ መሃል አደረሰው። መታጠፊያው ላይ ሰፋ አድርጎ አዞረው፤ ኬብል በጣም ከታጠፈ ይታነቃልና። ሲጎትትና ልኩን በቋጠሮ ሲይዝ ከአጥሩ ውጭ ሰው መሰብሰቡን ልብ አላለም።

የመጡት ዱላ ይዘው ነው። ወጣቶቹ ሜትር ቢሆን ይቆጡ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ያንቀጠቀጣቸው ግን ገመዱ ነው። በአባቶቻቸው ዘመን መሬት የሚለካው በገመድ ነበር፤ ቀላድ ይሉታል፣ የተለካውም መሬት ለባለቤቱ ሙሉውን አይመለስም ነበር። ኩምሳ ከሜትር ሸሽቶ የባሰውን ይዞ መጥቷል። ከፊት የቆሙት ሽማግሌ ኦቦ ደቻሳ መሆናቸውን ዱርሲቱ ካሳየችው ፎቶ አወቀ።

መሬት አለመለካቱን፣ የሚለካው ጀልባ መሆኑን እየተንተባተበ አስረዳ። ውጡና እዩ አላቸው። ሁለት ጎረምሶች ጀልባው ላይ ወጥተው ገመዱን ከመሪው እስከ ሞተሩ በእጃቸው ተከተሉት፤ እውነትም ከጀልባው አልወጣም። ሰዉ ሳቀ፣ ዱላውም ወረደ። ኩምሳ እዚህ ላይ ቢበቃው መልካም ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ሰው ፊቱ አቁሞ ዝም ማለት አልፈጠረበትም፤ የሽፋኑን ትምህርት ከመጀመሪያው አንስቶ አስተማረ፤ ሲጨርስም ይህ ኬብል የገባ ዕለት ጀልባው እንደ ባጃጅ ቀኝና ግራ ይዞራል ብሎ አበሰራቸው።

ሳቁ ቆመ። ሜዳው ለልማት ተብሎ ሲወሰድ ምን እንደሚሠራበት የነገራቸው አልነበረም። ጀልባውን ሲያዩ እርስ በርሳቸው ተመካክረው ምግብ ቤት ሊሆን ነው ብለው ደመደሙ፤ እሱም ቢሆን ልጆቻችንን ይቀጥር ይሆናል እያሉ ተጽናንተው ከረሙ። ምግብ ቤት ግን መሪ አያስፈልገውም።

"ቢሻን ኤሳ?" አሉ ኦቦ ደቻሳ ቀስ ብለው። "ይዞራል ካልክ ውሃው የታለ?"

ኩምሳ ዙሪያውን ቃኘ። ያን ሁሉ ሲለካ ይህን አንድ ነገር አልጠየቀም ነበር፤ አፈረ። ወደ ኤልቃና ዞረ። ኤልቃና ውሸት የማይሆንለት የጸሎት ሰው ነውና የሰማውን ተናገረ፤ ከታች የሚወርደው ወንዝ ይገደባል፣ ክረምት ላይ ሐይቅ ይሆናል ብለውታል። እስከ የት ድረስ ሲሉት በአገጩ አመለከተ። ያመለከተው ከሜዳው ማዶ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለችውን ቆርቆሮ ቤት አሳልፎ ነው። ቤቷ የኦቦ ደቻሳ ናት።

ኩምሳ ልኩን የያዙትን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ፈትቶ ገመዱን ጠቀለለ። ባለሀብቱ ሌላ ባለሙያ ይፈልግ አለ በልቡ፤ ሌላ እንደማይጠፋም ያውቃል፣ እሱም አበሳጨው። ሹልክ ሊል ሲል ሽማግሌው ጠሩት።

"የቡራዩው ኩምሳ አንተ ነህ?" አሉት። "ስምህን ከልጄ እናት ሰምቻለሁ።"

"እኔ ነኝ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ፣ አላወቅኩም ነበር።"

"ሽማግሌዎችህን ላክ፤ አልከለክልህም።" ቤታቸውን አሻግረው አዩ። "ሠርጉ ግን ከክረምት በፊት ይሁን። ልጄን ከደረቅ መሬት ልዳራት።"

ኩምሳ ዓመት ሙሉ የተመኘውን ቃል ሰምቶ እንደ ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።