እልል ስትይ እቆማለሁ

ትንሿ መኪና ሞተር አልነበራትም። ሞተሯ ተፈታቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ፒክአፑ ላይ ከአልጋችን ቋሚና ከድስቶቼ መሀል ተጭኗል። እሷ ባዶ ሆዷን በገመድ እየተጎተተች ከሰቆጣ ወልድያ ልትሄድ ነው። መሪዋን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ባዶ ሆዴን አልነበርኩም።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሼ ሁለቱም ሳይበረክቱልኝ ቀርተዋል። ሦስተኛው ግን ሰንበት አለልኝ፤ መንፈራገጥም ጀመረ። ሰቆጣ ጤና ጣቢያ ያየኝ ድሬሰር «መውለጃሽ ሲደርስ ሐኪም በሚቀርብበት ብትሆኚ ይሻልሻል» ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ የአንድ የእህልና የማር ነጋዴ ሾፌር ነው። ነጋዴው ወልድያ ሱቅ ከፈተና «ፒክአፑን ይዘህ ቤተሰብህን ጭነህ ግባ» ሲለው እግዜር የላከው መሰለን። ትንሿን መኪና ባለቤቴ የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር። ጠግኖ ታክሲ ሊያደርጋት ያስባል። ጥለናት እንሂድ ብዬው ነበር።

«ሰቆጣ ከቀረች ዶሮ ይሰፍርባታል» አለኝ።

መሪ የሚይዝ ሌላ ሰው ፈልጎ አጣ። በዚያ ዘመን በእኛ ከተማ መንዳት የሚችለው ጥቂት ነው፤ ወሩ ደግሞ ጥር ስለሆነ ያለውም ሰርግ ላይ ነው። እኔን እሑድ እሑድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ፣ በጨዋታ መልክ መሪ አስይዞኝ ያውቃል። ጨዋታው ሥራ ሆነና አረፈው።

«ልብ ብለሽ ስሚኝ» አለኝ በመነሻችን ጠዋት። «ገመዱ እንደተወጠረ ይቆይ፤ ከላላ ጎማ ስር ይገባል። ቁልቁለት ላይ እኔ ላይ እንዳትወጪ ያዢያት። የእግሩ ፍሬን ደካማ ነው፣ ደጋግመሽ ስትረግጪው ይሰበሰባል። እምቢ ካለሽ የእጁን ሳቢ።»

«ብፈልግህስ? ክላክሷ እንደሆነ አይሠራ።»

«ኡኡ በይ፤ እሰማለሁ።»

አማቴ በር ላይ ቆመው ዕቃ ያስሩ ነበር። እጃቸው ላይ ያለውን ጠፍር መሬት ጣሉት። ሲቆጡ ኽምጣኛና አማርኛው ይደበላለቅባቸዋል፤ የኽምጣኛውን እዚህ አልጽፈውም። አማርኛው እንዲህ ነበር፦

«ነፍሰ ጡር በመንገድ ኡኡ ትበል? ያንተ ልጅ በሆዷ እያለ? ኡኡታ የሞት ነው። ሞት ሲጠሩት አቤት ይላል።»

«እምዬ፣ ምልክት ነው እኮ። ለቅሶ አይደለም።»

«ሞት ምልክቱን ከለቅሶው በምን ይለየዋል?»

እውነቱን ለመናገር ያለፉትን ሁለቱን ባጣሁ ጊዜ ኡኡታ ሰምቼ ስለነበር ቃሉ ራሱ ያስፈራኝ ነበር። እሳቸው መፍትሔውንም ሰጡን፦ «እልል ትበል። እልልታም ሩቅ ይሰማል፤ የሚጠራውም ደስታ ነው።»

«እሺ» አለ ባለቤቴ። «እልል ስትይ እቆማለሁ።»

ሰንሰለት አልተገኘም። በመጫኛ፣ አጋሰስ በሚጫንበት በዚያ በጠፍር ገመድ፣ ደራርቦ አሰራት። አማቴ የጭድ ፍራሼን ካልያዝኩ ንቅንቅ አልልም አሉ።

«እምዬ፣ ወልድያ ጭድ ጠፍቷል?»

«የወልድያን ጭድ እኔ በምን አውቀዋለሁ!»

ቦታ ስለሌለ ፍራሹን ጠቅልሎ፣ እየተነጫነጨ፣ ከፒክአፑ ኋላ በአግድም ጠፈረው። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የነጋዴው የማር እንስራዎች እንደ ባላባት ተኮፍሰዋል። አንዱን አንስቼ ላስቀምጥሽ ቢላቸው አማቴ እምቢ አሉ። «እኔ ከልጁ ጋ ነኝ» ብለው ሆዴን አሳዩትና ከጎኔ ገቡ።

አቧራውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ፒክአፑ የሚያነሳው አቧራ በሙሉ የሚመጣው እኛ ላይ ነው። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ዓይኔን ብቻ ትቼ ነበር። ከፊቴ የሚታየኝ የፍራሹ ጥቅልና ያቺ ገመድ ናት። መንገዱን አላየውም። ገመዷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ። ስትወጠር እግሬን አነሳለሁ፣ ስትላላ እረግጣለሁ። አማቴ ከጎኔ ሆነው «ላላች፣ ላላች… አሁን ጠበቀች» እያሉ ይነግሩኛል፤ መካከል ላይ ደግሞ እመቤቴን ይጠራሉ። ጀርባዬ እንጨት ሆነ። ልጁ ግን ይፈራገጣል፤ መንገዱ የተመቸው እሱ ብቻ ነው።

አንዲት መንደር ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች መንገድ ዳር ቆመዋል። ሁለት መኪና ተከታትሎ፣ ከኋለኛው ውስጥ የተሸፋፈነች ሴት ከአንዲት አሮጊት ጋር ተቀምጣ ሲያዩ፣ በጥር ወር ሌላ ምን ያስባሉ? እልልታውን አቀለጡት።

ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ባለኝ ኃይል ሁሉ ረገጥኩ። መኪናዋ ተንሸራታ ሄዳ አፍንጫዋን ፍራሹ ውስጥ ቀበረች። እሱ በሩን ከፍቶ እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆናችሁ? ምን ሆነሽ?»

«እኛ አይደለንም! እነሱ ናቸው!»

ሴቶቹ ከበቡን። «ሙሽራዋን በገመድ ጎትቶ የሚወስድ ሙሽራ ዛሬ አየን!» አለች አንዷ።

«አልሄድም ብላው ይሆናላ!»

ሌላዋ አጎንብሳ በመስኮት አየችኝና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ኧረ ሙሽሪትስ ቀድማዋለች! ሆዷን እዩት!»

እንደዚያ ፈርቼም ሳቄ መጣ። አማቴም ሳቁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያይ ነበር። «ይህ ነገር አያዋጣም» አለ። «ሀገሩ በሙሉ ሰርግ ላይ ነው። ኡኡ ይሻላል።»

«እኔ እዚህ ተቀምጬ?» አሉ አማቴ።

«እምዬ፣ በየመንደሩ ልቁም?»

«መንደር ካለ ሰርገኛ ነው፣ አትቁም። ምድረ በዳ ላይ ከሰማህ እኛ ነን። ይኼ ምን ያቅታል?»

እውነትም የሚያቅት አልመሰለንም። ሁላችንም ተስማምተን ተነሳን።

ወደ ጸላሪ ወንዝ የሚያወርደው ቁልቁለት አፍ ላይ ስንደርስ ከፊታችን ከበሮ ተሰማ። ሰርገኞች ናቸው፤ ሙሽሪትን በበቅሎ ጭነው ቁልቁል እየሄዱ ነው። መኪና ሲያዩ በቅሎዎቹ እንዳይደነብሩ ሁሉም ወደ ተራራው ጥግ ተጠግተው ቆሙ፤ በአንድ በኩል እነሱ፣ በሌላ በኩል ገደሉ። ባለቤቴ ቀስ ብሎ በመካከል መውረድ ጀመረ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላምታ ሰጣቸው።

ያን ጊዜ ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ወለሉን ነካ።

አነሳሁና ደግሜ ረገጥኩ። ምንም የለም፤ ጭቃ እንደ መርገጥ ነው። ገመዷ ላላች። «ላላች» አሉ አማቴ። የእጁን ፍሬን ሳብኩ፤ ያዘልኝ። ትንሽ ወረድን። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ ከስሬ ጧ አለና ማንሻው እጄ ላይ ቀለለ። ገመዷ መሬት ላይ መጎተት ጀመረች። ፍራሹ ወደ እኔ መጣ።

ፒክአፑን በኃይል ብመታው ከፊቱ መጠምዘዣ አለ፤ እሱም ወደ ገደሉ፣ እኛም ተከትለን። ወደ ተራራው ልጠጋና ጎኗን እያሻሸሁ ላቁማት ብል ደግሞ እዚያ ሰው ቆሟል፤ ልጅ ያዘሉ አሉ።

«እማማ፣ ፍሬኗ አለቀ» አልኩ።

«እልል በያ!»

እልል አልኩ። ጉሮሮዬ አቧራ ነበር፣ ግን እልል አልኩ። ሰርገኞቹ የደስታቸው ተካፋይ የሆንኩ መሰላቸውና በደስታ መለሱልኝ፤ ከበሮውም ጠነከረ። ባለቤቴ እጁን እንደገና አውጥቶ አውለበለበ። አልቆምም ብሎ አይደለም። የተስማማነውን ነው ያደረገው፤ ሰው ካለ ሰርገኛ ነው። በመስታወቱ ቢያይም የሚታየው አቧራና ፍራሽ ነው። እኔ እልል በማለት ብዛት እንባዬ ይወርዳል፣ እነሱም ባልኩ ቁጥር ይጨምሩልኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ እልልታ ጠልቼ አላውቅም።

ፍራሹ ሲቀርብ የጠፈሩ ቋጠሮ እስኪታየኝ ድረስ ቀረበ። ኡኡ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ያጣኋቸው ሁለቱ ፅንሶች ጉሮሮዬ ላይ ቆሙ።

አማቴ እጃቸውን ሆዴ ላይ ጫኑ፤ እንደ መክደኛ። በመስኮቱ ከወገባቸው በላይ ወጡና ጮኹ።

«ኡኡ! ኡኡ! ልጄን! ኧረ ልጄን!»

ከበሮው ጸጥ አለ። እልልታው ከሁሉም አፍ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሰርግ ላይ ኡኡታ ማለት የሚነድ እሳት ላይ ውኃ እንደመድፋት ነው፤ ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእናቱ ድምፅ ብቻውን ቁልቁል ወረደ፤ ባለቤቴም ሰማ።

ቢቆም ኖሮ ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር። አልቆመም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አየን፤ ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ቀንሶም የፒክአፑን ጀርባ ሰጠን። የመኪናችን አፍንጫ ፍራሹን ነካ፤ ነጠረ፤ እንደገና ነካ፤ ከዚያ ገብቶ ቀረ። ጭዱ ፈንድቶ በመስታወታችን ላይ ዘነበ፤ ምንም አይታየኝም። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ ፒክአፑ ሲታጠፍ ፍራሹ በሚገፋኝ አቅጣጫ ብቻ አጠፋለሁ። እንደ ታመመ ሰው ጀርባው ላይ አዝሎን፣ ያን ቁልቁለት በሙሉ አወረደን። ወንዙ ዳር ሜዳው ላይ ስንደርስ ቆመ።

ከመኪናው ወርዶ የፒክአፑን ጎን ይዞ ቆመ። «ማነው ልጄን ያለው?» አለ። «የትኛው ልጅ?» አማቴ በዓይናቸው ወደ ሆዴ አመለከቱት።

ሰርገኞቹ ወረዱብን። የሙሽሪት አባት ከፊት ናቸው፤ ዱላቸውን ጨብጠዋል። «በልጄ ሰርግ ማን ነው ኡኡ ያለ?»

አማቴ ወረዱ። ከወንዙ ዳር ድንጋይ አነሱ፤ ማጅራታቸው ላይ አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። «እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ የልጅ ልጄን ሊበላብኝ ነበር። ሙሽሪትም እርስዎም ይቅር በሉኝ።»

ሰውየው መኪናዋን አዩ፤ ጭድ የለበሰችውን። እኔን አዩ። ድንጋዩን ከአማቴ ማጅራት በሁለት እጃቸው አነሱና ወንዙ ውስጥ ወረወሩት።

«የእናት ጩኸት መሆኑን መች አወቅሁ» አሉ። ወደ ሴቶቹም ዞረው፣ «ምን ትገተራላችሁ? ኡኡታውን በእልልታ ሻሩታ!» አሏቸው።

ሴቶቹ እልል አሉ፣ ለሙሽሪትም ለእኔም። አማቴ ግን አብረው አላሉም። የእኔም ጆሮ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ነበር። ከቁልቁለቱ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።

ዳገቱ ፍሬን ስለማይፈልግ ከሰርገኞቹ መንዳት የሚያውቅ አንድ ጎልማሳ መሪዋን ይዞ እስከ ኮረም መጣልን፤ እዚያ ከአንድ መካኒክ ግቢ ተውናት። ከወንዙ ስንነሳ የማር እንስራዎቹ ከክብራቸው ወርደው ኋላ ተጭነው ነበር፤ እኔና አማቴ ጋቢና ገባን። መንገዱን ሁሉ እጃቸው ሆዴ ላይ ነበር። ባለቤቴ በየመጠምዘዣው ወደ እኛ ያያል፤ አይጠይቅም።

«ጠራሁበት» አሉ አማቴ በሹክሹክታ። «በአፌ ጠራሁበት።»

«እማማ፣ እርስዎ ባይጮኹ…»

«ዝም በይ ልጄ። አድምጪ።»

የኮረም ባሕር ዛፎች ሲታዩን ከእጃቸው ስር አንድ ነገር ተንፈራገጠ። ተያየን።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ባለቤቴ ፒክአፑን አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ።

ያም ሆኖ አማቴ አላመኑም። ወልድያ ገብተን እስክወልድ ድረስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ኖሩ፤ ጎረቤት ሰርግ ሲጠራቸው ሄደው ይቀመጣሉ፣ አፋቸውን ግን አይከፍቱም። የጠሩት አቤት እንዳይል፣ የት እንዳሉ እንዳያውቅ ይመስለኛል።

ልጁ ሲወለድ አለቀሰ። አማቴ ጠጋ ብለው አዩት፤ ነኩት። ከዚያ ያን ሁሉ ወራት የያዙትን እልልታ ለቀቁት፤ ሰፈሩ ቤት የተቃጠለ መስሎት ወጣ።

ባለቤቴ ከበር ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያስገቡት ላብ በላብ ሆኗል፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«እልልታውን ስሰማ እግሬ ፍሬን ፈልጎ በርጩማውን ገለበጥኩት» አለ። «እንግዲህ እልል ስትሉ እቆማለሁ ብያለሁ፤ ምን ላድርግ።»