የማያለቅሰው ልጅ እናት

በጊንጪ፣ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ሕፃናቱ ከጥዱ ሥር ፊደል ሲቆጥሩ አንዲት ወጣት እናት ከአጥሩ ጥግ ትቆም ነበር። ታናሹን አዝላ፣ ታላቁን ለየኔታ አስረክባ፣ በነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ትሸፋፈናለች። ከነጠላው ሥር ከንፈሯ ከሕፃናቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ የአምቦ አውቶቡስ እያጓራ ሲያልፍ ግን ማንም አይሰማትምና ድምፅዋን ታወጣለች። ዳዊትን በገዛ ዐይኗ አንብባ መድገም ትመኛለች። አምላክ ልጆች ሰጥቷት ሳለ ለራሷ ሌላ መሻቷ ምስጋና ማጣት ይመስላታልና ታፍራለች።

አንድ ረፋድ የኔታ፣ "አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ቤትሽ ሥራ የለም?" አሏት።

"ትቼው ስሄድ ያለቅስብኛል፣ የኔታ" አለች፣ ወደ ታላቁ ልጇ እያመለከተች።

ልጁ እናቱን በኦሮምኛ እየጠራ ብድግ አለ። "ሀርሜ! እኔ መቼ አለቀስኩ? አንቺ እኮ ነሽ ቤት ስንገባ 'አስቆጥረኝ' የምትይኝ!"

ሕፃናቱ በሳቅ ፈነዱ። እርሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ለመሄድ ዞረች።

የኔታ በጭራቸው ሳቁን ጸጥ አሰኙና ልጁን ጠሩት። "ከዛሬ ጀምሮ ታለቅሳለህ፤ ሰማህ? እናትህም እዚህ ከአጠገቤ ተቀምጣ ታባብልሃለች።"