ጣፋጩ ተረከዝ

በአራሶች ክፍል የምትሠራውን ነርስ በስሟ የሚጠራት የለም። ከአራስ ልጅ ተረከዝ ጠብታ ደም ወስዳ ስኳሩን የምትለካው እሷ ስለሆነች፣ ሁሉም "ሲስተር ጠብታ" ይላታል። ከመውጋቷ በፊት ትንሿን እግር በመዳፏ እያሞቀች፣ "በል ስታድግ ትበቀለኛለህ" ማለት ልማዷ ነው።

አንድ ጠዋት ክብደቱ ያነሰ፣ እንቅልፋም ወንድ ልጅ ተወለደ። እንዲህ ያለው ልጅ ስኳሩ ቶሎ ይወርዳልና መለኪያዋን ይዛ ወደ እናትየው አልጋ መጣች። ዘመድ አልጋውን ከቦታል፤ ሁለቱ አያቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፣ አክስት መሃል ቆማ ኬክ ታድላለች። ሲስተር ተረከዙን ጠራረገች፣ መውጊያውን ልታነሳ ዞር አለች፣ ተመልሳ ወጋች።

የወጣው ቁጥር ለአራስ ልጅ ቀርቶ ለአዛውንት የሚያስደነግጥ ነበር።

"ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል፣ ግን ቆይ..." አለች።

ማን ይቆይ!

"በኛ ዘር ስኳር የሚባል የለም!" አሉ የአባትየው እናት።

"በኛ አለ ማለትዎ ነው?" አሉ የእናትየው እናት።

"ወንድምዎ የሚያነክሱት በምን ኖሯል?"

"ከደረጃ ወድቆ ነው! ይልቅ ባለቤትዎ ጀሪካን ውሃ ባንድ ትንፋሽ የሚጨርሱት ጤና ሆነው ነው?"

በሩ ጋ የቆሙት የአባትየው አባት የያዙትን የውሃ ጠርሙስ ቀስ ብለው ኮታቸው ውስጥ ሸጎጡ። የልጁ አባት "እናቶቼ..." ብሎ ሊገላግል ቢሞክር፣ "አንተ ዝም በል!" አሉት ሁለቱም ባንድ ድምፅ። በዚህ ብቻ ተስማሙ።

ሲስተርን ግን ቁጥሩ አልዋጥልሽ አላት። እግሩን አንስታ አሸተተችው። ቫኒላ፣ ቫኒላ ይላል። ቀና ስትል የአክስቲቱን ጣቶች አየች፤ ክሬም በክሬም ናቸው።

"እህቴ፣ ከጠረግሁት በኋላ እግሩን ነክተሽዋል?"

"ሲያምር ጊዜ... ትንሽ ጨበጥ አድርጌ ሳምኩት እንጂ" አለች አክስት፣ እጇን ከጀርባዋ እየደበቀች።

ሲስተር እግሩን በሞቀ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና ለካች።

"ይኸውላችሁ፣ ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዷል። የኬኩ ስኳር የልጁን ሸፍኖብን ነበር" አለች። ሐኪሙን አስጠርታ ወደ እናትየው ዞረች። "በይ የኔ እመቤት፣ ቶሎ አጥቢው።"

ልጁ ጡቱን ጎርሶ መልሶ እንቅልፉን ለጠጠ። ያኔ አያቶቹ ጠባቸውን ጥለው ተረባረቡ፤ አንደኛዋ ውስጥ እግሩን ሲኮረኩሩ፣ ሌላኛዋ "ሳብ አርገው የኔ አንበሳ!" እያሉ ጉንጩን ይነካካሉ። አክስት በሲስተር ትእዛዝ ወጥታ በበሩ መስታወት ታያለች። ሐኪሙም መጥቶ አየው። ከጠባ በኋላ ሲለካ ስኳሩ ደህና ሆነ፤ አያቶቹ ተቃቀፉ።

ሲስተር ጠብታ ኮሪደር ወጥታ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

"የመጀመሪያውን ቁጥር አምኜ ቢሆንስ!" አለቻት ለባልደረባዋ። ቀጥሎ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ፣ ማዶ ካለው አልጋ ላይ መንታ ይጠብቃታል።