ወረቀቷ የተቃጠለችው ሽሪምፕ

ሰው ስለ ጦርነቱ ሲያወራ ያጣውን ቤት፣ ያጣውን ከብት፣ የቀበረውን ሰው ያነሳል። እኔ ደግሞ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል ወረቀት አጣሁ ለማለት አፍራለሁ። ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ምን ላድርግ?

ወረቀቷ የአንዲት ሽሪምፕ፣ ብዙ እግር ያላት ትንሽ የቀይ ባሕር እንስሳ፣ መለያ ነበረች። ሽሪምፗን የሰጡኝ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ወደ ምጽዋ ያለ ፓስፖርት በሚኬድበት ዘመን፣ ከባሕር አውጥተው አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተቷት። ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠና ስሟን ሳያውቁ ጡረታ ወጡ። ደሴ ቤታቸው ጠርተው ብልቃጧን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጡ፣ «ሳልሞት ማን እንደሆነች ንገሪኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ስለደከመ እኔ እንድቆጥርላቸው ነበር የፈለጉት።

መቁጠር ስል ቀልዴን አይደለም። የሽሪምፕ ዝርያ የሚለየው በመቁጠር ነው፦ ግንባሯ ላይ ያለው መጋዝ መሰል ቀንድ ስንት ጥርስ አለው፣ ከዓይኗ በስተኋላ የሚቀረው ስንቱ ነው፣ ሁለተኛው እግሯ ስንት አንጓ አለው፣ ጭራዋ ጫፍ ላይ ስንት እሾህ ይታያል። ወልድያ በማስተምርበት ቤተ ሙከራ፣ መብራት ባለ ከሰዓት ሁሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ቆጠርኩ። አንድ እግሯ ቀድሞውንም ተሰብሮ ብልቃጡ ሥር ተኝቶ ስለነበር በወረንጦ አውጥቼ ለብቻው አየሁት። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሁለቴም በራሴ ተናደድኩ። በመጨረሻ ደረስኩባት። በዓለም ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተመዘገበች፣ ከቀይ ባሕር ተገኘች ሲባል ግን የትም ያላነበብኩላት ዝርያ ነበረች።

ብልቃጡ ውስጥ አብራት የተከተተችው ወረቀት ከሌለች ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። መምህሬ «ምጽዋ» ብለው፣ ከሥሩ ጥልቀቱን፣ ከዚያም ኬክሮስና ኬንትሮሱን በደቃቅ የእርሳስ ጽሕፈት አስፍረውባታል። የት እንደተያዘ በትክክል የማይታወቅ እንስሳ ለሳይንስ ምስክር አይሆንም። «ከዓሣ ሱቅ ነው የገዛሽው» ብባል ማስረጃ የለኝም።

ደውዬ ላበስራቸው ስል ስልክ ተቋረጠ፤ ወዲያው ወልድያ ተያዘች። ጎረቤቴ ግራና ገጠር የሚኖሩ ገበሬ አባት ስለነበሯት ከእሷ ጋር በእግር ወጣሁ። ብልቃጧን በካልሲ ጠቅልዬ ያዝኩ። የወረቀቷ ግልባጭ ያለበትን ደብተር ቢሮ ተውኩት፤ በሳምንት የምንመለስ መስሎን ነበር። የወረቀቷ ፎቶ ያለበትን ስልኬን ደግሞ መንገድ ላይ፣ መርሳ ስንደርስ፣ ታጣቂዎች ወሰዱት።

የጎረቤቴን አባት ሐጂ እላቸው ነበር። ብልቃጧን አሽትተው ፊታቸውን ኮስተር ሲያደርጉ፣ «አልኮል ነው ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የሚጠጣ አይደለም» አልኳቸው።

«የምትጠጣው እሷ ከሆነች ወንጀሉም የሷ ነው» ብለው ሳቁና ከቁርኣናቸው ራቅ አድርገው መደርደሪያ ላይ አኖሩልኝ።

ክረምቱ አለፈ፤ በቆሎው ደረሰ። መብራት የለ፣ ወሬ የለ። በየቀኑ ብልቃጧን አነሳለሁ፣ አያታለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ማሽላ መጠበቅ እንኳ የማልችል እንግዳ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። በዚያው ሳምንት ገበያ ላይ አንድ ሰው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ተገኝቶ፣ ለመድፍ ቦታ የሚጠቁም ነው ተብሎ ተወስዷል ሲባል ሰምተን ነበር። ፈታሾቹ ከጎን ያለው ግቢ ሲገቡ ሐጂ ብልቃጧን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሯት።

«ልጄ፣ ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ባሕር ላይ ያለ ቦታ ነው ሐጂ።»

«ባሕር ነው ብትያቸው ማን ያምንሻል? እኔም ያመንኩሽ ስለምወድሽ ነው።»

አጥፊያት አላሉኝም። በሩን ብቻ ያዩ ነበር፤ ጓዳ ውስጥ የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ወረቀቷን በጣቴ አወጣኋት፣ ሦስት ጊዜ አነበብኳት፣ ምድጃው ውስጥ ጣልኳት። አልኮል ስለጠጣች ቦግ ብላ በሰማያዊ ነበልባል ነደደች። ለምን አልቀበርሻትም፣ ለምን ጣራ ሥር አልሻጥሻትም የሚሉኝ አሉ። እነሱ በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበሩም። የቀረበኝ እሳቱ ነው።

ከገቡት አንዱ ብልቃጧን አነሳ። «ይበላል?» አለኝ።

«ይበላል» አልኩት።

መልሶ አስቀመጣት። ሬዲዮና አንድ ጆንያ ማሽላ ይዘው ሄዱ። ወረቀት የጠየቀኝ የለም።

ጎረቤቴ «አብሽሪ፣ ዋናው ነፍስ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ግን አላጽናናችኝም። ይባስ ብዬ ምንም ያላጠፉትን ሐጂን ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኳቸው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ከቀናት በኋላ ቁጥሩን ልጽፈው ስል ሁለት ሆኖ መጣብኝ። ሁለቱንም እርግጠኛ ነኝ እላለሁ፤ ሁለቱም ሊሆኑ አይችሉም። በኋላ ካርታ ላይ ሳየው አንዱ ከወደቡ አጠገብ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ባሕሩ ውስጥ ካሉት ደሴቶች ዘንድ ያርፋል። ጥልቀቱም ሦስት ሜትር ይሁን ሠላሳ ጠፋኝ። ታጣቂዎቹ ለቀው ወልድያ ስመለስ ማይክሮስኮፑ የለም፤ ደብተሬም የለም። ቢሮው ወለል ላይ ዝናብ የበላው ወረቀት ብቻ ተነጥፏል።

ደሴ መምህሬ ዘንድ የሄድኩት እውነቱን ልነግራቸው ነበር። ብልቃጧ ያለ ወረቀት ሆና እንዳታስደነግጣቸው ብዬ ግን ከሁለቱ ቁጥር ልቤ ያደላበትን፣ የደሴቶቹን፣ አዲስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፌ ከትቼላት ነበር። ስሟን ነገርኳቸው። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ራሳቸውም ቀስ ብለው ጠሩት። ከዚያ ስለ ወረቀቷ ሳልነግራቸው አጉሊ መነጽራቸውን አንስተው አነበቧት።

«አዎ! ደሴቶቹ ዘንድ! ጠዋት ነበር እኮ፤ ጀልባው ያፈስ ነበር፤ ባለጀልባው በቆርቆሮ እየቀዳ ይደፋ ነበር!»

እንደዚያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። የሚያስታውሱት እሳቸው ይሁኑ ወይስ የሚነግራቸው የእኔ እርሳስ፣ ማወቅ አልቻልኩም። የመጀመሪያዋ ወረቀት መቃጠሏንም ሳልነግራቸው ቀረሁ። መቼ ይታተማል ሲሉኝ «እየጻፍኩት ነው» አልኳቸው።

ጽሑፉ ካለቀ ቆይቷል፤ የተገኘችበት ቦታ የሚለው መስመር ብቻ ባዶ ነው። መምህሬ በየሳምንቱ ይደውላሉ። በደወሉ ቁጥር ስለዚያ ጠዋት አንድ አዲስ ነገር ያስታውሳሉ፤ ባለፈው ነፋሱ ከየት በኩል ይነፍስ እንደነበር ነገሩኝ።