ከራማት ለማዘጋጃ ቤቱ የጻፈው ደብዳቤ

ከራማት ሑሴን ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት አይችልም። እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ መስጊድ ውስጥማ ጭራሽ። መስጊዱ እንግዲህ መሃል ግድግዳቸው ፈርሶ አንድ የሆኑ ሁለት መኖሪያ ቤቶች ነው። የጭስ ማውጫው ግንብ ስላልፈረሰ የሰጋጁን ሰልፍ፣ ሰፉን፣ ለሁለት ይከፍለዋል። ጁምዓ ቀን ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ይሰግዳል፤ ከራማትም በር ላይ ቆሞ «ጠጋ በሉ እንጂ! እዚህ ጋ ገና አንድ ቀጭን ሰው ይገባል» እያለ ያሸጋሽጋል።

ስለዚህ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሀጂ ሰርፈራዝ የአዲሱን መስጊድ ንድፍ ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። ንድፉ ያምራል። በከተማው ቢጫ ድንጋይ የሚሠራ፣ ለሴቶቹም እንደ ወንዶቹ ሰፊ አዳራሽና የፊት በር ያለው፣ ባለ ጉልላትና ባለ አንድ ሚናራ ነው። ችግሩ ቦታው ነው። መስጊዱ የሚሠራበት የፈረሰ የሱፍ ፋብሪካ ግቢ ከከራማት ጓሮ ጋር አጥር ይጋራል። ጉልላቱ ሲቆም የወጥ ቤቱ መስኮት ፀሐይ አያገኝም።

ይህን ተነስቶ ቢናገር ማን ይበላው ነበር? ማንም። እሱ ግን እጁን አውጥቶ ደግፎ፣ ቤቱ ሲገባ ለማዘጋጃ ቤቱ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ስለ መስኮት መጻፍ ደግሞ አሳፈረው፤ የራሱን ጥቅም ብቻ የሚያይ ሰው የሚያስመስለው መሰለው። ስለዚህ «ሕንፃው ለሰፈሩ መልክ አይስማማም» አለ። ቃሉን ከየት እንዳመጣው እንኳ አላሰበም። ከብዙ ዓመት በፊት የሚኖርበትን ቤት ሲገዛ ጎረቤቶቹ ስለ እሱና ስለ ሚስቱ ያሉት ይህንኑ ነበር።

ደብዳቤው አንድ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር መስሎት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ተቃውሞን ሁሉ እንደተጻፈ ከነስሙ ከነአድራሻው ድረ ገጹ ላይ ይለጥፋል።

ይህን ያወቀው ከጎረቤቱ ከኪት ነው። ኪት ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላም ሲለው በአገጩ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን አጥሩ ድረስ መጥቶ እጁን ጨበጠው።

«ደብዳቤህን አነበብኩት። ጎበዝ! ለካ አንተም የእኛ ነህ።»

«የቱን ደብዳቤ?»

«ኧረ አትሽኮርመም! አባዝተን ለሰፈሩ እያደልነው ነው። እነሱ ራሳቸው እንኳ አይፈልጉትም እያልን።»

ከራማት እጁን ማስለቀቅ አቃተው። ቤት ገብቶ ለሚስቱ ለነስሪን ሲነግራት ሽንኩርት መክተፏን አላቋረጠችም።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ፀሐይ ጎደለብኝ አልኩህ?»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«በእኔ አታሳብብ! ሀጂን ፈርተህ ነው። አሁኑኑ ሂድና ንገራቸው።»

አልሄደም። ጁምዓ ላይ ሀጂ ሰርፈራዝ ከሰላት በኋላ ተነሡ። ማዘጋጃ ቤቱ ማክሰኞ እንደሚወስን፣ አርባ ሦስት ተቃውሞ እንደገባ ተናገሩ። የማንንም ስም አልጠሩም። «ለጻፉት ሰዎች ዱዓ እናድርግ። አላህ ልባቸውን ያራራልን» አሉ። መቶ ሃምሳ ሰው እጁን ዘረጋ። ከራማትም ዘርግቶ «አሚን» አለ፤ ድምፁ ከሁሉ ጎልቶ የወጣ መሰለውና ፊቱ ነደደ።

በር ላይ ሀጂ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «ወንድሜ፣ ማክሰኞ እንዳትቀር።»

«ኢንሻአላህ፣ ሀጂ።»

ማክሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በግራ ተቃዋሚዎች፣ በቀኝ የመስጊዱ ሰዎች ተቀምጠውበት ነበር። ከራማት የት እንደሚቀመጥ ጨንቆት በሩ ላይ ቆመ። ኪት ከግራ በኩል ወንበር ይዞ በእጁ ይጠራዋል። ለካ ተናጋሪ አድርጎ አስመዝግቦት ኖሯል።

«ሚስተር ሑሴን» አለች ሰብሳቢዋ፣ «ተቃውሞዎን ለማስረዳት ሦስት ደቂቃ አለዎት።»

ወደ ፊት ወጣ። የወንበር መደገፊያ ያዘ።

«ሰፈሩ ምንም አይሆንም» አለ። «እኔን ያሳሰበኝ የወጥ ቤቴ መስኮት ነው። እነዚህ ሰዎች ፊት እጄን አውጥቼ፣ ከጀርባቸው ጻፍኩባቸው። ለሰፈሩ አይስማማም ያልኩት ውሸት ነው፤ ይህ ቃል በእኔም ተብሎብኛል። ተቃውሞዬን አንስቻለሁ።»

ኪት «ይሄ ደግሞ ምን ነካው?» ብሎ በያዘለት ወንበር ላይ ኮቱን አስቀመጠበት።

 ከራማት ሹልክ ብሎ ሊወጣ ሲል ሀጂ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ስምህ ባይኖርበት እንኳ የእጅ ጽሕፈትህን የማናውቀው መስሎህ ነው?» አሉት በሹክሹክታ። «የረመዳንን ሰዓት ሰሌዳ በየዓመቱ የምትጽፍልን አንተ አይደለህ? ካነበብነው ሦስት ሳምንት ሆኖናል። ሁላችንም።»

«ሁላችሁም?»

«ምን እንደቆረቆረህም አልጠፋንም፤ ቤትህን እናውቀው የለ? ንድፉን የሠራችው አርክቴክት ፀሐይህን እንዳይከልል ጉልላቱን ወደ መንገዱ አስጠግታዋለች። ብትነግረን ያኔውኑ ይደረግልህ ነበር።»

ከራማት ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ያ ሁሉ ሰው አርብ ዕለት እጁን ሲዘረጋ ለማን እንደሚለምን አውቆ ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የመስጊዱ ግንባታ ፈቃድ መጽደቁን እንኳ የነገረው ሌላ ሰው ነው።