ለጅብ የተነፈገ ቃል

ልጅ ሳለሁ ቦርደዴ የሰማሁት ተረት ተመልሶ የመጣብኝ፣ ባሌ ሙክታር በሞተ በአምስተኛው ቀን ነው። ወሬው የደረሰኝ ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ሙክታር ቦኬ ገበያ ሄዶ ነበር። ጫት የሚጭን አንድ ሹፌር በራችን ላይ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ብዙ ቆየ፤ ከወረደም በኋላ ዓይኔን ማየት አቃተው። «ኢና ሊላሂ» ሲል የቀረውን አልሰማሁትም። ሐሙስ ረፋድ ላይ እዚሁ ጭሮ ከተማ ተቀበረ።

ተረቱን የነገረችን የአባቴ እህት፣ አዳዳ ፋጡማ ናት። ከሰል እያከሰለች ነበር የምትኖረው፤ ሻሿ ሁልጊዜ ጭስ ጭስ ይላል። ያኔ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኩራዙን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ከከሰል ጉድጓዷ ያመጣችውን ፍም በእንጨት እየቆሰቆሰች፣ እኛ የተቆላ ማሽላ እየቆረጠምን፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታወራልን ነበር።

ጅብ የአራዊቱን ሁሉ የውሃ ጉድጓድ ነጠቀ። ጠጣ፣ ታጠበበት፣ ጠገበ፤ እንቅልፍ ግን አጣ። እንስሳቱን ሰበሰበና፣ «ውሃውን አልጠየቅኋችሁም፤ ያንተ ነው በሉኝ ብቻ» አላቸው። አህያ ቀድማ፣ «ያንተ ነው» አለች። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ቃል ምን ይጎዳል ብለው። ኤሊ ግን፣ «ውሃውን በጥርስህ ወሰድከው። ቃሌን ካልሰጠሁህ በምን ትወስደዋለህ?» አለችው።

«ከዚያስ ጠጣች?» አልኳት አዳዳን።

«አልጠጣችም። ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄደች።»

«ጅቡ ግን ክፉ ነው!»

«ጅብማ ጅብ ነው፣ ምን ያድርግ፣» አለችና ፍሙ ላይ እንትፍ አለች። «እኔን የምታቅለሸልሸኝ አህያዋ ናት፣ ኢጆሌ፣ ልጆቼ።»

ያኔ አልገባኝም፤ አህያ ምን አጠፋች ብዬ አዝኜላት ነበር።

ሙክታር የአፎሻችን ሰብሳቢ ነበር። አፎሻ ጀናዛ የሚያነሣ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛ ቤት ድንኳን የሚተክል ማኅበራችን ነው። ዘንድሮ ጀማል የሚባል ነጋዴና ሁለት ጓደኞቹ፣ አባል ሳይጠራ፣ እጅ ሳይወጣ፣ ራሳቸውን አመራር አድርገው ድንኳኑንና ድስቱን ወደ ጀማል ግቢ አጋዙ። ድስት መንጠቅ! ከዚያ የቀራቸው የሙክታር ማኅተም ነበርና ዕውቅና ይሰጠን ብለው መጡ። እሱም፣ «ዕውቅና የሚሰጠው በሚያውቁት ነገር ላይ ነው። እኔ የማውቀው መስረቃችሁን ነው» ብሎ መለሳቸው።

ይህ ዕውቅና የሚሉት ቃል በከተማችን ረክሷል። የነጠቀ ሁሉ ይሰጠኝ ይላል፤ ሲሰጠውም በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ላይ ይሰቅለዋል። ትርጉሙ ግን ከባድ አይደለም። ይህ ነገር በአግባቡ የሆነ ነው፣ እኔም አለሁበት ብሎ በስም መቆም ነው። ለዚህ ነው ዕውቅናን በሐሰት የሚሰጥ ሰው ከሌባው የማይሻለው።

እንግዲህ በአምስተኛው ቀን ሦስቱ መጡ። ኢዳ ላይ፣ ባል የሞተባት ሴት ከወንድ ተለይታ በምትቆይበት ጊዜ ላይ፣ ስለሆንኩ ከመጋረጃው ውጭ ተቀመጡ። ጀማል ሳል ሳል አለና፣ «አቦ፣ እህቴ፣ አላህ ሰብር ይስጥሽ። ትንሽ ወረቀት ነበረች፤ ሙክታርም ተስማምቶባት ነበር። ማኅተሙን አቀብይን፣ እኛው እንመታዋለን» አለ።

«ወረቀቱን አሳዩኝ።»

«ምን ያደርግልሻል? የወንዶች ጉዳይ ነው።»

«ማኅተሙ ያለው የሴት ሣጥን ውስጥ ነው።»

በመጋረጃው ሥር ወረቀቷ ገባች። የማላነብ መስሏቸው ኖሯል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፦ «ባለፈው ሐሙስ በተደረገው ስብሰባ ሰብሳቢው አቶ ሙክታር በአካል ተገኝተው ለአዲሱ አመራር ሙሉ ዕውቅና ሰጥተዋል።» ስብሰባቸው ሁልጊዜ ሐሙስ ስለሆነ ጸሐፊያቸው በልማድ ጽፎት ነው። ሬሳ የሚመዘግብ ማኅበር፣ በትከሻው ተሸክሞ የቀበረውን ሰው በዚያው ቀን ስብሰባ አስቀመጠው።

«የቀን ስህተት ናት፤ ትታረማለች፣» አለ አንዱ።

«የምታርሙት ቀኑን ነው ወይስ ሞቱን?»

ጀማል ሲነሣ ድምፁ ተለወጠ። «አስቢበት። ነገ ሰው የሚጠራልሽ አፎሻው ነው። አንቺስ ስትሞቺ ማን ያነሣሻል?»

«እኔን ውሻ ይጎትተኝ። ማኅተሙን የሚረከበኝ አባላቱ ተሰብስበው የመረጡት ሰው ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ጀማል ግቢ ገብተው ፈርመዋል። «ስም መጻፍ ምን ይጎዳል?» አሉኝ፤ ከእነሱ ውስጥ ሙክታር የእናታቸውን መቃብር በእጁ የቆፈረላቸው አሉ። ጀማልን ረስቼዋለሁ። የእነዚህን ሰላምታ ግን ከበር እመልሳለሁ፤ አዳዳ ለምን እንትፍ እንዳለች አሁን አውቄዋለሁ።

ለአርባው ዱዓ እነ ጀማል ድንኳን ከለከሉኝ፤ ምንጣፍ ከለከሉኝ፤ ሰውም እንዳይመጣ ተነገረ። እኔና የሙክታር እህት ሁለታችን ተቀምጠን፣ የቀራነው፣ ያነበብነው ቁርኣን ባዶው ግቢ ውስጥ ሲያስተጋባ ዋለ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ አላውቃችሁም፣ አታውቁኝም። ባላችሁበት ሆናችሁ እጃችሁን ዘርጉና ለሙክታር አንድ ፋቲሃ፣ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ቅሩለት፤ እምነታችሁ ሌላ ከሆነም በራሳችሁ ቋንቋ ነፍሱን ይማር በሉለት። መቃብሩን አላህ ያስፋለት፤ አሚን የሚል ሰው አንሶበታል።